አላርሙ ሲጮህ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?

የሆንግ ኮንጉ ቃጠሎ ቪዲዮ በየስልኩ በሚዞርበት ሰሞን የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ለንደን ያለችው እህቴ ናት የጀመረችው። «እኛ ህንጻ መግቢያ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ እሳቱ የራሳችሁ ቤት ውስጥ ካልሆነ በራችሁን ዘግታችሁ ተቀመጡ ይላል» ብላ ጻፈች። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው ወንድማችን አላመናትም። «ተቀመጡ? አላርም ከጮኸማ ጫማም ሳታደርጊ ነው የምትወጪው!» እናታችን ከአዲስ አበባ በድምፅ መልእክት ገባች። «እኛ ሠፈር እሳት ተነሣ ከተባለ ሰው ባልዲ ይዞ ወደ እሳቱ ነው የሚሮጠው» አለች። እሷን የሚከራከር አልተገኘም።

እህቴም ወንድሜም ልክ ናቸው። የሁለቱ አገር ሰዎች የእሳትን ጠባይ በተለየ መንገድ ስለተማሩ አይደለም። ህንጻዎቻቸው የተሠሩት የተለያየ ነገር ታምኖ ነው። የአንዱ አገር ህግ ግድግዳውን ያምናል። የሌላው ደረጃውን ያምናል። ሌላው ደግሞ የእሳት አደጋ መኪናውን መሰላል። ብዙ ሰው ያለቀባቸውን ቃጠሎዎች አንድ በአንድ ስታይ ደግሞ፣ አብዛኞቹ የታመነው ነገር ሳይታወቅ የተበላሸባቸው ናቸው። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱን ግን በእኛ።)

ከእንግሊዝ እንጀምር። እንግሊዞች ግድግዳ ነው የሚያምኑት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ፎቅ ሲሠሩ እያንዳንዱ ቤት ራሱን የቻለ ሣጥን እንዲሆን አድርገው ነው። ግድግዳውም ወለሉም ኮንክሪት ነው፤ በሩም እሳት የሚችል። አንድ ቤት ውስጥ እሳት ቢነሣ እዚያው ታፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ እስከዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ያጠፉታል። እንዲህ ከሆነ 20ኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት በሌሊት ልጆቿን ተሸክማ የምትወርድበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ሁሉም በአንዴ ከወረደ፣ ቱቦ ይዘው ከሚወጡት ሠራተኞች ጋር ደረጃው ላይ ይጋፋል። ስለዚህ ለህንጻው በሙሉ አንድ ደረጃ ይበቃል ተባለ። ህንጻውን በሙሉ የሚቀሰቅስ አላርምም አያስፈልግም ተባለ። ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። ስንት ጊዜ እሳት ተነሥቶ ጎረቤት እንኳ ሳይሰማ ጠፍቷል።

ግሬንፌል ታወር በዚህ እምነት የተሠራ፣ በ1974 ያለቀ ባለ 24 ፎቅ ህንጻ ነው። ደረጃው አንድ። ስፕሪንክለር፣ ማለትም እሳት ሲነሣ ከኮርኒሱ ራሱ ውሃ የሚረጨው መሣሪያ፣ አልነበረውም። በ2016 ያለቀ እድሳት ተደረገለት። ሙቀት እንዲይዝ፣ መልኩም እንዲያምር ከውጭ አዲስ ልብስ ለበሰ። ልብሱ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሁሉ «አልኮቦንድ» እያለ የሚጠራው ዓይነት ነው፤ ሁለት ስስ አሉሚኒየም፣ መሐሉ ላይ ሌላ ነገር። ቁም ነገሩ ያለው መሐሉ ላይ ነው። እሳት የሚቋቋም ማዕድን የተሞላበት አለ። ፕላስቲክ የተሞላበትም አለ። ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው። የግሬንፌሉ ፕላስቲክ ነበር።

ጁን 14 ቀን 2017 ከሌሊቱ 6፡54 ላይ የመጀመሪያው ስልክ ተደወለ። 4ኛ ፎቅ ላይ ከፍሪጅ የተነሣ እሳት ነው። ሠራተኞቹ ቶሎ ደረሱ፤ የቤቱም እሳት ከአቅማቸው በላይ አልነበረም። እሳቱ ግን በመስኮቱ ወጥቶ ልብሱን ይዞታል። አንዴ ከያዘ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጣሪያው ጋ ደረሰ። ስልክ ለሚደውሉት ነዋሪዎች የሚነገራቸው ግን አሁንም «ቤታችሁ ቆዩ» ነበር። ትእዛዙ የተነሣው 8፡47 ላይ ነው። የምርመራ ኮሚሽኑ ከዓመታት በኋላ፣ ከ7፡30 እስከ 7፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ መነሣት ነበረበት ብሏል። 72 ሰው ሞተ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ቤተሰቦች አሉበት። የለንደን ሐበሻ ያንን ሌሊት በቁጥር ሳይሆን በስም ነው የሚያስታውሰው።

ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ «ቆዩ» የሚለውን ህግ ይረግማል። እኔ ለመርገም እቸገራለሁ። ሣጥኑ ሣጥን እስከሆነ ድረስ ትክክለኛ ምክር ነበር። የፕላስቲኩ ልብስ ነው ሁሉንም ሣጥን ከውጭ በአንድ ክር ያሰረው። እድሳቱን የፈቀዱት ሰዎች ህንጻውን ብቻ የቀየሩ መስሏቸው ነበር። መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ምክርም ሐሰት አድርገውታል፤ ወረቀቱን ግን የነካው የለም።

የሚያናድደው፣ ያልታየ ነገር አለመሆኑ ነው። በ2009 እዚያው ለንደን፣ ላካናል ሃውስ የሚባል ባለ 14 ፎቅ ህንጻ ላይ እሳቱ በውጭ በኩል ተዛምቶ 6 ሰው ሞቷል። ከዚያም በፊት፣ በ1999፣ ስኮትላንድ ኧርቪን ከተማ ውስጥ አንድ ፎቅ በውጭ ልብሱ ተቃጥሎ አንድ አዛውንት ሞቱ። ስኮትላንዶች ከዚያ ተማሩ። በ2005 ህጋቸውን አጠበቁ። ዌልስ በ2016 አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ ስፕሪንክለር ይኑረው አለች፤ ቪላም ይሁን ፎቅ። እንግሊዝ ግን እስከ 2020 ድረስ ስፕሪንክለር የምትጠይቀው አዲሱ ህንጻ ከ30 ሜትር ሲበልጥ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ 11 ሜትር ያወረደችው። ያው አንድ ደሴት፣ ያው አንድ ንጉሥ። የባቡር ትኬት ቆርጠህ ድንበሩን ስታልፍ ግን በእሳት የመሞት ዕድልህ በሌላ ህግ ነው የሚለካው።

አሁን ዱባይን እዩ። ከግሬንፌል ሰባት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 4 ቀን 2017 በዚያው በእኩለ ሌሊት አካባቢ፣ ዱባይ ማሪና ላይ ቶርች የሚባለው ማማ ተቃጠለ። ከ330 ሜትር በላይ ቁመት ያለው መኖሪያ ህንጻ ነው። በ2015ም ተቃጥሎ ነበር፤ ሁለተኛው ነው። ልብሱ ከግሬንፌሉ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ እሳቱ በአንድ ጎኑ ሽቅብ ሲነጉድ ዓለም በቪዲዮ አየው። ግን የሞተ ሰው የለም። አንድም።

የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የገልፍ ማማዎች ደንባቸውን በብዛት የወሰዱት ከአሜሪካ ነው። ከአንድ በላይ ደረጃ አላቸው፤ አላርሙ ህንጻውን በሙሉ ይቀሰቅሳል፤ ስፕሪንክለር ውስጡን ይጠብቃል። ልብሱ እንደ ክብሪት ቢነድም ሰዉ መውጫ ነበረው። ይህን ስል ዱባይን ማሞገሴ አይደለም። ያን ልብስ ለዓመታት በየማማው ሲለጥፉ ቆይተው ነው ደንባቸውን ያጠበቁት። ልዩነቱ አንድ ነገር ሲከዳቸው የሚደገፉበት ሌላ ነገር መኖሩ ነው። ለንደን ላይ አልነበረም።

ወደ ወንድሜ አገር እንሂድ። አሜሪካኖች ደረጃ ነው የሚያምኑት። ቤቱ ብዙውን ጊዜ እንጨት ስለሆነ ግድግዳ ማመን አያዋጣቸውም። ስለዚህ ከሦስት ፎቅ በላይ የሆነ አፓርታማ በአብዛኛው ሁለት ደረጃ ይኑረው ይላሉ። አንዱ ጭስ ቢሞላ በሌላው ትወርዳለህ። አዲስ አፓርታማ ላይ ስፕሪንክለር የተለመደ ነው። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያማ አዲስ በሚሠራ ተራ የቤተሰብ ቤት ላይ ሳይቀር ያስገድዳሉ። ሌሎቹ ግዛቶች ከቤት ሠሪዎች ጋር ተከራክረው አብዛኞቹ ትተውታል።

ህጉ ግን ወደፊት እንጂ ወደኋላ አያይም። በ2023 ፌብሩዋሪ፣ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ 15 ፎቅ አፓርታማ ተቃጥሎ አንዲት ወጣት ሞታለች። ህንጻው የ1960ዎቹ ሥራ ነው፤ ቤቶቹ ውስጥ ስፕሪንክለር አልነበረም። ከጎኑ ያለው አዲስ ህንጻ ሊኖረው ይችላል። ኪራዩን የሚከፍለው ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ማየት ብቻ ነው።

ወንድሜ «ሁልጊዜ ውጡ» ማለቱም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ የአፓርታማ በር ከውስጥ በኩል ወረቀት እንዲለጠፍበት ህግ ያዛል። ወረቀቱ ህንጻው ከሚቃጠል ነገር የተሠራ ነው ወይስ ከማይቃጠል ብሎ ይነግርሃል። የሚቃጠል ከሆነ ውጣ። የማይቃጠል ከሆነና እሳቱ ሌላ ቤት ከሆነ በርህን ዘግተህ ቆይ። እኔ ካየኋቸው ደንቦች ሁሉ ይህን ወድጄዋለሁ። ቀላል ነው፤ ህንጻው ምን እንደሚያምን በር ላይ ጽፎ ይነግርሃል።

እዚያው ኒው ዮርክ ግን በ2022 ጃንዋሪ 9፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ባለ 19 ፎቅ ህንጻ ላይ 17 ሰው ሞተ። 8ቱ ሕፃናትና ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የጋምቢያ ቤተሰቦች ነበሩ። ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተነሣው እሳት ከዚያ ቤትና ከበሩ ደጅ ብዙም አልራቀም። ሰዎቹን የገደላቸው ጭስ ነው። የቤቱ በር ራሱ የሚዘጋ መሆን ነበረበት፤ አልተዘጋም። 15ኛ ፎቅ ላይ ያለው የደረጃ በርም ክፍት ቀረ። ደረጃው ጭስ ማውጫ ሆነ። ብዙዎች አላርሙን ሰምተው ነበር፤ ግን ያለ ምክንያት መጮህ ልማዱ ስለሆነ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ደረጃን አምኖ የተሠራ ህንጻ የቆመው በአንዲት የበር ማጠፊያ ላይ ነበር። ማጠፊያ ማስጠገን ስንት ብር ነው?

አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። እንግሊዝ ከግሬንፌል በኋላ ከ18 ሜትር በላይ ለሚሆኑ አዳዲስ መኖሪያ ፎቆች ሁለተኛ ደረጃ እንዲኖር ወስናለች፤ የሚጸናው ከ2026 ሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ነው። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ በርካታ ግዛቶች ወደ ተቃራኒው እየሄዱ ነው። አንድ ደረጃ ያለው እስከ ስድስት ፎቅ የሚደርስ ህንጻ ይፈቀድ ይላሉ። ሲያትልና ኒው ዮርክ ከድሮም ይፈቅዳሉ። ምክንያታቸው የቤት ዋጋ ነው። ሁለተኛ ደረጃና ረጅም ኮሪደር ቦታ ይበላል፤ በጠባብ መሬት ላይ መስኮቱ በሁለት በኩል የሆነ ሰፊ ቤት መሥራት አይቻልም። ስፕሪንክለር ካለ፣ በየፎቁ ያለው ቤት ጥቂት ከሆነ፣ አንድ ጥሩ ደረጃ ይበቃል ነው ክርክሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበራት ብዙውን ጊዜ ይቃወማሉ። እኔ የደረጃው ቁጥር ብቻውን ብዙ የሚናገር አይመስለኝም። አንድ ደረጃ ከስፕሪንክለር ጋር ሌላ ነው። አንድ ደረጃ ያለ ምንም፣ ከፕላስቲክ ልብስ ጋር፣ ሌላ።

አሜሪካኖቹ ክርክራቸው ላይ አውሮፓን ምሳሌ ያደርጋሉ። ጀርመኖች የሚያምኑት መሰላል ነው። ህጋቸው ሁለት ማምለጫ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን መስኮትህ ሊሆን ይችላል። የላይኛው ፎቅ ወለል ከ22 ሜትር ካልበለጠ፣ የእሳት አደጋ መኪናው ረጅም መሰላል ስለሚደርስ፣ አንድ ደረጃ ይበቃል። ከዚያ ቁመት ሲያልፍ ህንጻው «ማማ» ይባልና ሌላ ጥብቅ ህግ ይመጣበታል። ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ መኪናውን ግቢ ውስጥ የእሳት አደጋ መግቢያ ላይ አቁሞ ተነሥቶበት ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለእሱ ፓርኪንግ ነው። ለህጉ ግን ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ደረጃ ላይ ነው መኪናውን ያቆመው።

ጃፓኖች ደግሞ ጎረቤት ያምናሉ ብል አላጋነንኩም። በረንዳና በረንዳ የሚለየው ግድግዳ በብዙ አፓርታማ ስስ ሰሌዳ ነው። ላዩ ላይ፣ አደጋ ሲመጣ ሰብራችሁ እለፉ ተብሎ ተጽፏል። በእርግጫ መትተህ ወደ ጎረቤትህ ትሻገራለህ። አንዳንዱ በረንዳ ወለሉ ላይ ክዳን አለው፤ ስትከፍተው መሰላል ወደ ታች ይዘረጋል። ሰሌዳው ጋ ዕቃ መከመር ክልክል ነው። እኛ አገር ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ቁም ሣጥን እናስደግፍበት ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለተጻፈ ህግ ነው። ኩዌት መንገፍ ውስጥ በ2024 ጁን 12 የተቃጠለው የሠራተኞች መኖሪያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ወደ 50 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሕንዶች ናቸው። እሳቱ የተነሣው ምድር ቤት ነው። ክፍሎቹ በሚቀጣጠል ነገር ተከፋፍለው ብዙ ሰው ተጨናንቆ ነበር። ሽቅብ የሮጡት የጣሪያውን በር ተቆልፎ አገኙት። ጆሃንስበርግ ላይ በ2023 ኦገስት መጨረሻ ከ70 በላይ ሰው የሞተበት ህንጻም እንዲሁ በብረት በር የተዘጋጋ ነበር። እነዚህ አገሮች ህግ አጥተው አይደለም። ህጉ የሚኖረው ፕላኑ ላይ ነው፤ ሰው የሚኖረው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ህንጻው በሆነው ነገር ውስጥ ነው። በገልፍ አገር በጋራ መኖሪያ የሚያድሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። እነሱ ሲደውሉ ስለ ደመወዝ እንጠይቃለን። ማታ በሩን ማን ነው የሚቆልፈው ብለን ስንጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሆንግ ኮንግም ያው ነው። ዋንግ ፉክ ኮርት በ1980ዎቹ የተሠራ የስምንት ማማዎች ሠፈር ነው። በ2025 ኖቬምበር 26 ሲቃጠል እድሳት ላይ ነበር። ዙሪያውን መወጣጫና መረብ ለብሷል፤ መስኮቶቹ በፎም ሰሌዳ ተሸፍነዋል። ከስምንቱ ሰባቱ ተቃጠሉ፤ ከ150 በላይ ሰው አለቀ። ዓለም ዓይኑን የጣለው መወጣጫው የተሠራበት ቀርከሃ ላይ ነው። ቀርከሃው ለፎቶ ይመቻል። ከቀርከሃው ይልቅ ግን መስኮት ላይ የተለጠፈው ፎም፣ ደረጃውን ያልጠበቀው መረብና ያልጮኸው አላርም ናቸው የሚያስፈሩኝ። ግሬንፌል ላይ ከውጭ የተለጠፈ ነገር ሣጥኑን እንደሰበረው ሁሉ እዚህም የሰበረው ከውጭ የመጣ ነው፤ ያውም ለጊዜው ብቻ የተለጠፈ።

ስለ እናቴ ባልዲ ረሳሁ እንዴ? አልረሳሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቹ የድሮ ኮንዶሚኒየሞች፣ ጂ+4ቶቹ፣ ማንም የማያመሰግናቸው አንድ ጥሩ ነገር አላቸው። ደረጃቸውና ኮሪደራቸው ክፍት ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ይገባል ብለን እናማርራለን፤ ጭስም ግን በዚያው ይወጣል። ብሮንክስ ላይ የገደለው ዓይነት ጭስ እዚህ የሚታፈንበት ቦታ የለውም። ከዚያ እኛ እንመጣለን። ኮሪደሩን በላሜራና በመስታወት እንዘጋለን። ሌባ ፈርተን መስኮቱን በብረት እናጥራለን። የደረጃው ሥር የከሰል ጆንያ ይቀመጣል። የጣሪያው በር ቁልፍ ኮሚቴው ጋ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ክፍለ ሀገር ሄዷል።

አዲሶቹ ህንጻዎች ሌላ ናቸው። ከፍ ያሉ፣ የተዘጉ፣ በሊፍት የሚኖርባቸው። ከውጭ ማልበስም ፋሽን ሆኗል። ባለፈው አንድ ወዳጄ ህንጻውን ሊያለብስ ሲዋዋል አብሬው ነበርኩ። ስለ ቀለሙ አንድ ሰዓት ተወራ። ስለ ዋጋው ሁለት ሰዓት። «መሐሉ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሻጩ እንደ እብድ አየኝ። ቆይቶ «ኳሊቲ ነው» አለ። ወዳጄም በመልሱ ረካ።

ወደ ግሩፓችን ልመለስና፣ ይህን ሁሉ ባጭሩ ጻፍኩላቸው። ወንድሜ ኮርኒሱን ፎቶ አንስቶ ላከ። ስፕሪንክለር አለው፤ ልጁ ላዩ ላይ የልደት ፊኛ አስራበታለች። እህቴን ደግሞ ህንጻው መቼ ታደሰ፣ ልብሱስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ከግሬንፌል በኋላ ልብሳቸው አደገኛ ሆኖ የተገኘ ብዙ የእንግሊዝ ህንጻዎች «ቆዩ» የሚለውን ወደ «ውጡ» ቀይረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ፎቅ ለፎቅ የሚዞር ጠባቂ ቀጥረው ነበርና። ሒሳቡን ብዙ ጊዜ ነዋሪዎቹ ናቸው የከፈሉት።

«ቆይ ወርጄ ልይ» አለች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የመግቢያውን ሰሌዳ ፎቶ ላከች። እሷ የምታውቀው ወረቀት አለ። ከጎኑ፣ በፒዛ ማስታወቂያ ግማሹ የተሸፈነ፣ ሌላ ወረቀት አለ። እሳት ካለ ወዲያውኑ ህንጻውን ለቃችሁ ውጡ ይላል። የተለጠፈው ከሁለት ዓመት በፊት ነው።